ጤዛ ያልነካው ኮፈን

ሙት ተመልሶ መጣ ለሚል ሰው እኔ ሥራዬን አቁሜ ጆሮ ሰጥቼ አላውቅም፣ ጎረቤቶቼን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል፣ ለቅሶ ቤት ለማብሰል ተሰብስበን ሴቶቹ እከሌ ደጁ ላይ ቆሞ ታየ፣ እከሊት የባሏን ሳል ሰማች ሲባባሉ እኔ ሽንኩርቴን እየላጥኩ "የሞተ ሰው ጌታ ዘንድ ነው፣ እናንተ ራት አብዝታችሁ ነው" እላቸው ነበር፣ እነሱም "አንቺማ ልብሽ ድንጋይ ነው" ይሉኛል፣ እንሳሳቅና ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አይዘልም፣ እጄም ብዙ መጻፍ አልለመደም፣ ግን ይህን ነገር በአፌ ስናገረው ድምፄ ይንቀጠቀጥብኛል፣ ስለዚህ ብጽፈው ይሻለኛል ብዬ ነው። ያየሁትን እንዳየሁት ነው የምነግራችሁ፣ አልጨመርኩበትም።

ቤታችን ከዲላ ወደ ቡሌ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ዳገቱ አልቆ ብርዱ አጥንት መንካት ሲጀምር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ታች ገባ ብሎ ነው። ዲላ ያለ ሰው በሸሚዝ ሲሄድ እኛ ጋቢ ደርበን እንውላለን፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከእንሰቱ መሀል ተነስቶ ግቢውን ይሞላዋል፣ በተለይ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ጤዛው ዝናብ የጣለ ነው የሚመስለው።

ባለቤቴ ሾፌር ነበር። ዕድሜውን ሁሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ ወደ ማርጀቱ ሲል የራሱን ገዛ፣ እሱም ከባለቤቱ ባልተናነሰ ያረጀ የድሮ የጀርመን መኪና። ካርቡራተር የለውም፣ በኢንጀክሽን ነው የሚሠራው፣ ማለት ከኋላ ያለው ፓምፕ ቤንዚኑን ይገፋል፣ በቀጫጭን ቧንቧ ሄዶ ሞተሩ ውስጥ ይረጫል፣ ይህን የማውቀው ተምሬ አይደለም፣ እሱ ራት ላይ ሌላ ወሬ ስላልነበረው ነው። ጎህ ሲቀድ ከሁላችን ቀድሞ ይነሳና ቁልፉን ግማሽ አዙሮ ያቆማል፣ ከኋላ ወንበር ሥር እንደ ንብ ቀፎ እምምም የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ያ ድምፅ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ከዚያ ነው የሚያስነሳው። ሞተሩ ሲሞቅለት ያጠፋውና፣ ጫማው ጭቃ ስለሆነ ቤት አይገባም፣ የመኝታ ቤታችንን መስኮት በቁልፉ ጫፍ ያንኳኳል፣ ቀስ አድርጎ፣ ቀጭን የብረት ድምፅ። "እሷ ተነስታለች፣ እናንተስ?" ይለናል፣ መኪናዋን ማለቱ ነው። "ሰምቻለሁ" እስክለው ድረስ አያቆምም፣ ዝም ስለው ይቀጥላል፣ ግትር ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

ዓምና ታሞ ዐረፈ። መኪናውን የመጀመሪያ ልጄ ታሪኩ ያዘው፣ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ገበያተኛ ወደ ዲላ ያወርድበታል። ታዲያ አባቱ ከሞተ ወዲህ መኪናው ብርድ ላይ አልነሳ ማለት ጀመረ። አንዴ ከተነሳና ከሞቀ ቀኑን ሙሉ ምንም አይለውም፣ አጥፍተህ ብታስነሳው እሺ ይላል፣ አድሮ ሲቀዘቅዝ ግን ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ያለቅሳል፣ አይነሳም። ፀሐይ ወጥታ ኮፈኑን እስክታሞቅለት ታሪኩ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል፣ አንዳንድ ቀን እስከ ረፋድ።

ይህ ነገር ባያሳስበኝ ነበር፣ ማርታ ባትኖር። ማርታ ሴቷ ልጄ ናት፣ ባሏ ወርቃ በሚባል ቦታ የቡና ማጠቢያ ላይ ይሠራል፣ የቡና ወቅት ስለሆነ መነቃነቅ አይችልም፣ እርጉዝ ስለነበረች እኔ ዘንድ አመጣኋት። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕሬሽን ነው የወለደችው፣ ደም ብዙ ፈሶባት ነበር፣ ሕፃኗም አልተረፈችልንም። አሁን ሐኪሙ አስጠንቅቆናል፣ ምጥ የሚባለውን ጫፉን ካያችሁ ቤት ውስጥ እንዳትጠብቁ፣ በዚያችው ሰዓት ይዛችኋት ኑ ብሎናል። ወሯ ሲገባ ዲላ ዘመድ ቤት እናሳድራታለን ተባብለን ነበር፣ እስከዚያ ግን ያለችን ያቺ መኪና ናት። አምቡላንስ አለ፣ ግን ለስንቱ ቀበሌ ይዳረስ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ከሆነስ? ማታ ማታ ስተኛ የማስበው ይህንኑ ነበር፣ ምጡ ጠዋት በብርድ ቢመጣስ?

ስለዚህ ታሪኩን "ጋሽ ሽፈራውን ጥራልኝ" አልኩት። ጋሽ ሽፈራው ዲላ ጋራዥ ያለው ሽማግሌ መካኒክ ነው፣ የባለቤቴ ጓደኛ፣ ቀብር ላይ እንኳ አፈር ካለበሱት አንዱ ነው። መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩ ከገበያ ተመልሶ የሞቀ ስለነበር በመጀመሪያው ዙር ተነሳ።

"የማርታ እናት፣ የሞቀ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ነው" አለኝ። "ውሸቱ የሚታወቀው ብርድ ላይ ነው። ወይ ፓምፑ የገፋው ቤንዚን ሲያድር ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው፣ ወይ ደግሞ ለብርድ ብቻ ተብላ የተሠራች አንዲት ትንሽ መርጫ አለች፣ ጠዋት ጠዋት ለሞተሩ ተጨማሪ ቤንዚን የምትሰጠው፣ እሷ ናት ያኮረፈችው። ሌሊቱን ይደር፣ ማንም እንዳይነካው። ነገ በማለዳ መጥቼ ቀዝቃዛውን ሞተር እኔ ራሴ ነኝ የማስነሳው።"

"ኮምፒውተር ነገር አይሰኩበትም ጋሼ?" አለው ታሪኩ።

"ይሄ መኪና ሲሠራ ኮምፒውተር ገና አፉን አልፈታም። አንተ ብቻ ቁልፉን አትንካ።"

በማግስቱ ገና ጉሙ ሳይገፈፍ በሞተር ሳይክል መጣ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቷል፣ ሻይ እንኳ አልጠጣም ብሎ በቀጥታ ወደ መኪናው ሄደ። እጁን ኮፈኑ ላይ ጣል አደረገ፣ አነሳ፣ መልሶ ጣል አደረገ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየን።

"ማነው ያስነሳው?"

"ማንም" አልኩት።

"አንተ ጎረምሳ፣ አላስችል ብሎህ ነው?"

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ሲጠሩኝ ነው ከአልጋ የወረድኩት፣ ይኸው ሱሪዬን እንኳ ገልብጬ ነው የለበስኩት" አለ ታሪኩ፣ እውነቱን ነበር፣ ሱሪውን ገልብጦ ነበር የለበሰው።

ጋሽ ሽፈራው ቁልፉን ተቀብሎ ቢያዞረው በአንድ ዙር ተነሳ፣ ያ ሁሉ ለቅሶ የት እንደ ሄደ እንጃ። "የሞቀ ሞተር እያሳያችሁ የብርድ በሽታ ፈልግ ትሉኛላችሁ" አለና ተቆጥቶ ወደ ዲላ ወረደ፣ እኔም ታሪኩን ሳልቆጣው አልቀረሁም፣ እሱ ግን በአባቱ ምሎ አልነካሁም አለኝ፣ ታሪኩ ደግሞ በአባቱ በውሸት አይምልም።

በሚቀጥለው ቀን ልቤ አላርፍ ብሎኝ ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። ማርታ አጠገቤ ተኝታለች፣ ከገፋ ሆዷ ጋር መተኛት ስለማትችል ትራስ ደግፌላት ነው። ታሪኩ ሳሎን ያንኮራፋል። ቁልፉ በሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ አየሁት። እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ያ ድምፅ ከውጭ የመጣው፣ እምምም የሚል፣ ዝግ ያለ። ንብ ነው አልኩ፣ ግቢው ዛፍ ላይ ቀፎ አለን፣ ግን ደግሞ ንብ በዚያ ብርድና በዚያ ጉም ከቀፎው አይወጣም፣ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ድምፁ ትንሽ ቆየና ረጋ። ከዚያ ዝም።

ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። መኪናው ግቢው መሀል እንደ ቆመ ነው፣ ባለቤቴ የቆርቆሮ ጥላ ሊሠራለት እንዳሰበ ስለ ሞተ ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። ጣሪያው በጤዛ ነጭ ሆኗል፣ መስታወቱ ነጭ ነው፣ የኋላው ነጭ ነው። ኮፈኑ ብቻ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ጤዛ ያልነካው። ድመታችን እላዩ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። እጄን ሰደድኩ፣ እመኑኝ፣ አሁን የወጣ ዳቦ እንደሚሞቅ ነበር የሚሞቀው።

ጮኼ ሰው አልጠራሁም። እዚያው ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ፣ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው። ታሪኩ አርፍዶ የሚነሳ ልጅ ነው፣ መኪናውን የሚያስነሳው ጉሙ ሲገፈፍ፣ ገበያተኛው ሲሰበሰብ ነው፣ በዚያ ሰዓት ኮፈኑ እንደገና ቀዝቅዟል። ታዲያ እስከዛሬ ሁሉ በየጠዋቱ ይሞቅ እንደ ነበርስ ማን ያውቃል? በጎህ ወጥቶ የነካው ሰው አልነበረማ። አባቱም በሕይወት ሳለ የሚያሞቀው በጎህ ነበር።

ለታሪኩ ነገርኩት፣ ታሪኩ ለጋሽ ሽፈራው ደወለለት። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቀ፣ "እናትህ ከሐዘን አልወጣችም" አለው መሰለኝ፣ በኋላ ግን አመሻሽ ላይ ራሱ መጣ። "ዛሬ እዚሁ አድራለሁ፣ ነገሩን እንቋጨው" አለ። ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ገመድ በመፍቻ ፈታው፣ ቁልፉን ከታሪኩ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፣ ሳሎን ፍራሽ ዘርግተንለት ጋደም አለ። "ባትሪ የሌለው መኪና ሬሳ ነው" አለኝ፣ "ሬሳ ደግሞ አይሞቅም፣ አንቺም ደህና እደሪ።"

ጎህ ላይ ሦስታችንም አብረን ወጣን፣ እኔ፣ ታሪኩና እሱ። ጉሙ ወፍራም ስለነበር መኪናው የታየን አጠገቡ ስንደርስ ነው። ጣሪያው ነጭ፣ መስታወቱ ነጭ። ኮፈኑ ጥቁር፣ ደረቅ። ድመቷ ቀና ብላ አየችንና መልሳ ተኛች።

ጋሽ ሽፈራው ኮፈኑን ሲከፍተው ትኩስ አየር ፊቱን መታው፣ አየሁት፣ መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፈነበት። የባትሪው ገመድ እንደ ፈታው ተንጠልጥሏል። ኪሱን ዳበሰ፣ ቁልፉ አለ። ከዚያ ገመዱን መልሶ አሰረው፣ እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገ፣ ቁልፉን ለታሪኩ ሰጠው።

"የማርታ እናት፣ እኔ የማውቀው መኪና ነው" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም። ሲቀዘቅዝ ደውሉልኝ።"

ሻይ ቀርቦለት ሳይነካው ሄደ።

ያን ቀን እንዴት እንደ ዋልኩ አትጠይቁኝ። አንዱ ልቤ እሱ ነው ይለኛል፣ የልጆቹ አባት፣ እንደ ልማዱ ነው። ሌላው ልቤ ደግሞ የሞተ ሰው አይመለስም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲያስተምሩን የኖሩት የስህተት መንፈስ የሚወዱትን ሰው መስሎ ይገባል ብለው ነው፣ ይለኛል። አሰብኩ፣ አሰብኩና አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። እሱ ቢሆን ኖሮ ያንኳኳ ነበር። አንድ ቀን ሳያንኳኳ ቀርቶ አያውቅም። ይሄኛው ሞተሩን ያሞቃል፣ መስኮቱን ግን አይነካም። ስለዚህ እሱ አይደለም አልኩ። ቤቴ ውስጥ ደግሞ ለመውለድ የተቃረበች ልጅ አለችኝ፣ የማላውቀው ነገር በግቢዬ እየዞረ ሕፃን እንዲወለድ አልፈልግም።

ዶሮዎቹ ሊገቡ ሲሉ ብቻዬን ወጣሁ። እጄን ኮፈኑ ላይ ጫንኩና ጸለይኩ፣ ከዚያ አዘዝኩ። "ማንም ሁን ማን፣ በኢየሱስ ስም ከዚህ ግቢ ሂድ፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ" አልኩት። ነፋስ እንኳ አልነፈሰም። የእንሰቱ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ስገባ ማርታ "እማ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለችኝ። "ከዶሮዎቹ ጋር" አልኳት።

ጎህ ሲቀድ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ምንም ድምፅ የለም። ወጣሁ። መኪናው ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ ነው፣ ኮፈኑም ነጭ ነው፣ ጤዛው ላይ እጄን ሳሳርፍ የጣቶቼ ምልክት ቀረ። ድመቷ የለችም። "ተመስገን ጌታዬ" አልኩ፣ ከልቤ፣ እንባዬ መጣ። አሁን ቀዝቅዟል፣ ጋሽ ሽፈራውን እንጠራዋለን፣ በሽታውን ያገኘዋል፣ ሁሉም ነገር የሰው ሥራ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ።

ገና ፊቴን ወደ ቤት ሳዞር ማርታ ከውስጥ ጠራችኝ። አልጮኸችም፣ "እማ" ብቻ ነው ያለችው፣ ግን እናት የሆነ ሰው ያን አጠራር ያውቀዋል። ስገባ አንሶላው ላይ ደም አየሁ።

ታሪኩ በባዶ እግሩ ሮጠ። ቁልፉን ሲያዞር ከቤት ውስጥ እሰማዋለሁ፣ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ያለቅሳል። አይነሳም። ይተወዋል፣ እንደገና። አይነሳም። ወደ አምቡላንሱ ደወልን፣ ሌላ ወላድ ይዞ እየወረደ ነው፣ ሲመለስ እንመጣለን አሉን። መግፋት አይቻልም፣ ግቢያችን ከመንገዱ በታች ነው፣ ሁሉም ዳገት ነው። ባጃጅ በዚያ ሰዓት ወደኛ አይወጣም። ታሪኩ ሰዎች ጠርቼ በቃሬዛ እንሸከማት አለ፣ በቃሬዛ እስከ ዲላ ስንት ሰዓት ነው? የሞተሪኖው ድምፅ እየደከመ መጣ፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ማርታ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። "እማ፣ እንደ በፊቱ ሊሆን ነው" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ማጽናናት አድርጋ።

ታሪኩን "ና፣ እህትህን ደግፈህ አውጣት" አልኩት። ቁልፉን እንደ ያዘ ወደ ቤት ገባ። እኔ ወጣሁ።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ለወንጌላዊያችንም አልነገርኩትም። ጤዛው ላይ ሁለቱን እጆቼን አደረግኩ፣ ብርዱ እስከ ክርኔ ገባ። አልጸለይኩም፣ ጸሎት አልመጣልኝም። በጌዴኦኛ፣ ከሱ ጋር ብቻችንን ስንሆን በምናወራበት ቋንቋ፣ "ትናንት ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ዛሬ ና የምልህም እኔ ነኝ፣ ልጅህ ናት" አልኩ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። የማርታን ትንፋሽ ከበሩ እሰማለሁ፣ ታሪኩ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይላታል። ከዚያ ከኋላ ወንበር ሥር መጣ። እምምም። ታሪኩ እህቱን እንዳቀፈ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፣ ቁልፉ በጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እሱም ሰምቷል፣ ዓይኑን አየሁት። "አሁን አይደለም" አልኩት፣ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም፣ "እስኪረጋ ጠብቅ።" ጠበቅን። ድምፁ ረጋ። ማርታን ከኋላ አስገባናት፣ ታሪኩ ገብቶ ቁልፉን አዞረው፣ በአንድ ዙር ተነሳ።

እስከ ዲላ ድረስ የማርታ ጭንቅላት ጭኔ ላይ ነበር። ያን መንገድ ጉም ሸፍኖት ታሪኩ እንዴት እንደ ነዳው እግዜር ይወቅ፣ አንድም ጊዜ ፍሬን የያዘ አልመሰለኝም። አንድ ነገር ግን ነበረ፣ ሞተር ከተነሳ በኋላ የፓምፑ ድምፅ አይሰማም፣ ሞተሩ ይውጠዋል፣ ያን ቀን ግን ከተቀመጥኩበት ሥር እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሲያጉረመርም እሰማው ነበር፣ እንደ ሰው ማጉረምረም፣ ቃሉ እንደማይለይ።

ቀጥታ ወደ ኦፕሬሽን አስገቧት። ወንድ ልጅ ነው። ተረፈ፣ እሷም ተረፈች። ሐኪሟ ወጥታ "እናት፣ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ" አለችና ሐሳቧን ሳትጨርስ ትከሻዬን ነክታኝ አለፈች።

ማርታ እስክትሻላት መኪናው ሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆሞ ሰነበተ፣ ማንም ሳይነካው። ጋሽ ሽፈራው ሊጠይቃት ሲመጣ፣ የሕፃን ካልሲና ሙዝ ይዞ ነበር፣ መኪናውን አየውና በማግስቱ በጠዋት መሣሪያውን ይዞ ተመለሰ። ኮፈኑ እንደ ማንኛውም መኪና ቀዝቅዟል። ሲያስነሳው እምቢ አለ። ፈታታው፣ ለፈለፈ፣ አንዲት አውራ ጣት የምታክል ነገር አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረጋት።

"ይህች ናት፣ ያልኳችሁ መርጫ። ደርቃለች፣ አንድ ጠብታ አታወጣም፣ ከደረቀች ቆይታለች" አለን። ከዚያ ታሪኩን አየው። "በዚህች መርጫ ይህ ሞተር በብርድ አይነሳም። ያን ቀን በምን አመጣችኋት?"

ታሪኩ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። ጋሽ ሽፈራው መርጫዋን ኪሱ ከተታት። ከወደቀ መኪና ላይ የተፈታች ደህና መርጫ ፈልጎ ገጠመለት።

አሁን መኪናው ድኗል። ጉሙ ቢወፍር፣ ብርዱ ቢከር፣ ታሪኩ ሲያዞረው ይነሳል፣ ማሞቅ አያስፈልገውም። እኔም ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ከሆስፒታል ተመልሰን ቤታችን ባደርን በጥቂት ቀን ነው፣ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ መስኮቱ ተንኳኳ።

መጀመሪያ የእንሰት ቅጠል ነው አልኩ። ግን ቀጭን የብረት ድምፅ ነው፣ ቀስ ያለ፣ ያቆማል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ብርድ ልብሴን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። "ሰምቻለሁ" የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ነበር፣ ዋጥኳት። ሂድ አልኩት ሄደ፣ ና አልኩት መጣ፣ ሦስተኛ ቃል ለማውጣት ፈራሁ። ደግሞስ እሱ ያንኳኳ ነበር ብዬ አይደል ያባረርኩት? ያኔ ያላንኳኳው ዛሬ ሲያንኳኳ፣ ያባረርኩትና የጠራሁት አንድ ይሁኑ ሁለት በምን አውቃለሁ? ሲነጋ ወጥቼ ኮፈኑን ነካሁት፣ ደረቅ ነው፣ ሞቋል። መኪናው ድኗል ብሎ ለሱ የሚነግርልኝ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ በየጎሁ ነው፣ እኔም በየጎሁ ዝም እላለሁ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ይተወኛል። ለማርታ አልነገርኳትም፣ አራስ ናት፣ ለምን አስደነግጣታለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ቀን ማንኳኳቱ ከወትሮው ረዘም አለ፣ አላቆም አለ፣ አጠገቤ ሕፃኑን አቅፋ የተኛችው ማርታ ዓይኗን ሳትገልጥ ተገላበጠችና፣ በእንቅልፍ ድምፅ፣ "እማ፣ መልሺለት እንጂ፣ ልጁን ሊቀሰቅስብኝ ነው" አለች።

ጠዋት ጠየቅኳት። ምንም አላልኩም፣ ምንም አልሰማሁም አለችኝ፣ ሳቀችብኝም። እኔ ግን አሁን ጎህ ሊቀድ ሲል ነቅቼ እጠብቃለሁ፣ እጄን በሕፃኑ ጆሮ ላይ አድርጌ።